ካሜራው ስላሳለፋቸው የማንቆርቆሪያ እጀታዎች

ለተከበሩ ባሽመሃንዲስ ሸውቂ ዘህራን
የፋብሪካችን የምርት ሥራ አስኪያጅ
ዐሥረኛው ረመዳን ከተማ

ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የቀዘቀዘ፣ አዲሱ የጥራት ካሜራዎም ከክፉ ዓይን የተጠበቀ ይሁን እያልኩ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከማሽን የወጣውን የፕላስቲክ እጀታ ጠረጴዛ ላይ እያንኳኳሁ በድምፁ ስመርጥ የኖርኩ፣ ዛሬ በእርስዎ ቸርነት ካርቶን የማጥፍ ሠራተኛ ነኝ። ደብዳቤውን በፋብሪካው በር ላይ የለጠፍኩት የቀደሙት ሦስቱ መሳቢያዎን እንዳጨናነቁት ስለሰማሁ ነው።

አንደኛ፦ ምስጋና። ካሜራው በመጣ ዕለት የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ብለው ሰማያዊ ዶቃ በገዛ እጅዎ አንጠለጠሉለት። የዶቃው ጥላ በየእጀታው ላይ ስለወደቀ ካሜራው እስከ ቀትር ድረስ አንድ ሺህ አራት መቶ ደህና እጀታ «ጥቁር ነጥብ አለበት» ብሎ ጣለ። ዶቃው ይነሳ ብል «ኡም ዋኢል፣ ለካ ዓይንሽን የጣልሽበት አንቺ ነሽ!» አሉኝ። ከዚያም ዶቃውን እዚያው እንደተንጠለጠለ ትተው ካሜራው ነጥብ እያየ እንዳላየ እንዲያልፍ አስተካከሉት። በእኛ ፋብሪካ መሣሪያውም ይሉኝታ ተማረ።

ሁለተኛ፦ ካሜራው፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። ፕላስቲኩ በትክክል ሳይሞላ ሲቀዘቅዝ እጀታው ሆድ ውስጥ አየር ይቀራል፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሲንኳኳ ድምፁ ይታፈናል። ይህን ባስረዳዎ «ካሜራ የገዛሁት አንቺ ከበሮ እንድትመቺልኝ ነው እንዴ?» ብለው ሠራተኛውን ሁሉ አሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን አለቀስኩ። ያ እጀታ የሚገነጠለው የፈላ ውሃ ባነሳች እናት እጅ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ ጽፌው ነበር፤ መልሼ ሳነበው ስድብ ሆኖ ስላገኘሁት ሰረዝኩት።

ስለዚህ ካሜራው ክብሩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ መጋዘን ያሉት ካርቶኖች ሳይጫኑ ተከፍተው እጀታዎቹ እንዲፈተሹና እኔም ወደ ጠረጴዛዬ እንድመለስ በትሕትና እለምናለሁ።

በእርስዎ ዘመን ጆሮዋ ያለዕድሜው ጡረታ የወጣባት፣ ውለታዎን የማትረሳ
ኢንሺራህ ዐብዱልሙዕጢ (ኡም ዋኢል)

ማስታወሻ፦ የቢሮዎ ማንቆርቆሪያ እጀታ ካሜራው ካሳለፋቸው አንዱ ነው። ሻይ የሚቀዱልዎ አዛውንቱ ዓም ረጀብ ሳምንቱን ሙሉ እጀታውን በፎጣ ጠቅልለው የያዙት እኔ አስጠንቅቄያቸው ነው፤ እርስዎ ግን ለንጽሕናቸው አመስግነዋቸዋል አሉ። እሳቸው ከነገ ጀምሮ ፈቃድ ይወጣሉ፤ ሻይዎን የሚቀዱት ራስዎ ነዎት።