እማዬ ሥጋ የበላች ቀን

ውድ ወንድሜ መላኩ፣

«ውድ» ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ አሁን ባገኝህ መጀመሪያ የማቀምስህ ጥፊ ነው። ከዚያ በኋላ ምናልባት እስምሃለሁ። ስልክ የማልደውልልህም ድምፅህን ከሰማሁ መሳደብ ስለሚያቅተኝ ነው። ጽሕፈቴ ቢበላሽ ይቅርታ አልጠይቅህም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። እኔ እዚህ ሮም ለአንድ የጉዞ ድረ ገጽ ነው የምሠራው። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው የት ቢበላ እንደሚሻለው እየዞርኩ አይቼ እጽፋለሁ። ሰሞኑን አለቃዬ ጆርጃ ሦስት ስቴክ ቤቶች አወዳድሪ አለችኝ፤ በየአገሩ ቅርንጫፍ ያላቸው፣ አስተናጋጁ ከተስተናጋጁ የተሻለ የሚለብስባቸው ውድ ቤቶች። ድርጅቱ ለሁለት ሰው ስለሚከፍል እማዬን ይዣት ዞርኩ።

ሥጋ ለማትበላ ሴት ስቴክ ቤት ምን ያደርግላታል ትል ይሆናል። አንተማ የት ታውቃለህ! እኔና እማዬ ሮም ስንገባ አንተን ከቤተሰብ ጋር ለመግባት ዕድሜህ አልፏል ብለው ቪዛ ከለከሉህ፣ በሱዳን በኩል ወጣህ፣ ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወልክ፣ ስልኩ በመሃል ተቋረጠ። በቃ። በሳምንቱ እማዬ ቫቲካን ውስጥ ያለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ሄዳ ተሳለች። «ልጄን እስካገኝ ሥጋ በአፌ አይዞርም» አለች። ዘጠኝ ዓመት፣ መላኩ! ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሰው ዶሮውን ሲበላ እሷ ሽሮዋን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። እኔም አፍሬ ፒኜቶ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ሥጋ ማስገባት ተውኩ።

አሎራ፣ እንግዲህ ወደ ስቴክ ቤቶቹ ልመለስ። የመጀመሪያው የአሜሪካኖች ነው፤ ሥጋው ቢላዋ ሳይነካው የሚለያይ፣ ቤቱ ግን ድቅድቅ ጨለማ። እማዬ በስልኳ መብራት ድንቿን ስትፈልግ አመሸች። ሁለተኛው የአርጀንቲኖች ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ቀንድ፣ ዋጋው ደህና። እዚያ የኔን ሥጋ ከነደሙ አምጥተውት እማዬ አንገቷን አስግጋ አየችና «ጥሬ ከሆነ ጥሬ ይባል፣ ብስል ከሆነ ብስል። ይኼ ምንድን ነው፣ አብሳዩ በመሃል ከሰው ተጣልቶ ነው?» አለች። ከሳቄ የተነሣ መጻፍ አቃተኝ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብዬ ነው የመጣሁልሽ እንጂ» እያለች ስፒናቿን በላች።

ሦስተኛው የቶስካናዎቹ ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ወፍራም ባለ አጥንት ሥጋ። ባለፈው ሐሙስ ለምሳ ሄድን። አንድሬያ የሚባል አስተናጋጅ ጥሬውን ሥጋ በትሪ ይዞ መጥቶ እንድንመርጥ አሳየን። እማዬ ጣቷን ቀስራ ትልቁን «ይኼን» አለች።

«ለኔ ነው?» አልኳት።

«ለኔ ነው። ቤን ኮታ በይልኝ፣ ደም እንዳላይ።»

አንድሬያ ፊቱን አጨማደደ። እነሱ ዘንድ ይኼን ሥጋ በደንብ አብስሉልኝ ማለት ነውር ነው። እኔ ትቀልዳለች ብዬ ሳቅሁ። ሥጋው መጣ። አማተበች፣ ቆረጠች፣ በላች።

ክው አልኩ። እናቴ አእምሮዋ ከዳት ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ግን ከዚያ የባሰ ነበር፤ መላኩ ሞተ ብለዋት ይሆናል። ተስፋው የተቆረጠ ሰው ስእለቱን ይተዋል። ወይኔ! እናቴ ወንድሜን ዓይኔ እያየ ቀበረችው አልኩ።

«እማዬ፣ ምን ነገሩሽ?»

«ስበላ አታናግሪኝ።»

«በማርያም እማዬ! መላኩ ምን ሆነ?»

እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ታኝካለች። ዋጠችና አፏን ጠረገች። «ላልነግርሽ ማርያምን ብዬ ምያለሁ፣ አልነግርሽም» አለች። «ሥጋ አልበላም ብዬ ግን አልማልኩለትም። ስእለቴን ታውቂያለሽ። ስበላም እያየሽኝ ነው። የቀረውን አንቺ የተማርሽው ድረሽበት።»

ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። «አለ? እማዬ፣ አለ?» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። አንድሬያ ሥጋው የተበላሸባት መስሎት ልቀይር ብሎ እየሮጠ መጣ። እማዬ ሳህኗን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ «ኖ ኖ፣ ቫ ቤኔ ልጄ፣ እንዳትነካብኝ!» አለችው፣ ግማሹን በአማርኛ። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ ብላ «ሲስተር ልዕልቲ አልማለችም» አለችኝ።

ሲስተር ልዕልቲ ሲቺሊያ ላይ ስደተኞችን የምትረዳ መነኩሲት ናት፤ ለበዓል ስትመጣ ቅዱስ እስጢፋኖስ እናገኛታለን። ደጅ ወጥቼ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገረችኝ። እዚያው ሲቺሊያ፣ ፓሌርሞ ነህ። ከገና በፊት ጀምሮ ፓሌርሞ ነህ፣ በባቡር የሚደረስበት አገር! ግራ እግርህ ከጉልበት በታች ሊቢያ ቀርቷል። አሁን በሰው ሠራሽ እግር መቆም እየተለማመድክ ነው። እማዬ ስላንተ ሥጋ ትታ እንደምትኖር እያወቀች ዝም ማለት ሲስተርን አላስቻላትም፣ ነገረቻት። አንተ ደግሞ ደውለህ አስማልካት፤ እስክትቆም ድረስ እሷም እንዳትመጣ፣ ለኔም እንዳትነግረኝ።

«ለምን?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እናቴ ስትገባ ከመቀመጫዬ ሳልነሣ በምን ዓይኔ ልያት ይላል» አለችኝ።

አንተ ጅል! እግር ነው እንዴ የለመንነው? እማዬ ስትሳል «ልጄን» ነው ያለችው፣ «ልጄን ከነእግሩ» አላለችም! እዚያው የስቴክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዘርፈጥ ብዬ አለቀስኩ። አልዋሽህም፣ ለእግርህም አለቀስኩ። ልጅ ሆነህ ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ ከሁላችን ቀድመህ «ኖር!» ብለህ ብድግ የምትለው አንተ ነበርክ። «በእግዜር፣ ተቀመጥ የኔ ልጅ» ሲሉህ እማዬ በኩራት የምትገባበት ይጠፋት ነበር።

ስመለስ ሳህኗ ባዶ ነበር። አጥንቱን በናፕኪን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ እኔን ዓይን ዓይኔን እያየች። «እቤት ለምን አልበላሽም?» ብላት «እቤት ሥጋ የት አለና?» አለችኝ። ሆድ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያን የሚያህል ሥጋ የት ይችላል! ማታ ሲቆርጣት «ደስ የሚል ቁርጠት ነው» እያለች ትስቃለች።

በማግስቱ ጆርጃ የትኛው ቤት ይበልጣል አለችኝ። ከሦስተኛው ቤት ሥጋ አንድ ጉርሻ አልቀመስኩም፤ ጣዕሙን ብትጠይቀኝ አላውቀውም። እማዬ ጠግባ የወጣችበት ቤት ነው ብዬ አንደኛ አደረግኩት። ትገምግመኝ።

ይህን ደብዳቤ ሲስተር ልዕልቲ ታደርስልሃለች። እኛ ደግሞ ቅዳሜ በባቡር እንመጣለን። ፈቃድህን እየጠየቅኩህ አይደለም፣ እየነገርኩህ ነው። እማዬ አንድ ቃል ስላልተነፈሰች መሐላዋ አልፈረሰም፣ እንዳትቆጣት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስንገባ እንዳትነሣ። ሰምተሃል? ወንበርህ ላይ ቁጭ ብለህ ጠብቀን። እማዬ «በሩ ላይ ቆሜ እኔ ኖር እለዋለሁ፣ እሱ ተቀምጦ በእግዜር ይበለኝ» ብላለች።

እስከ ሐሙስ ማንም ምንም ያልነገራት እህትህ፣
ሣባ