ነጭ የለበሰው የእንዝርት ቁጥቋጦ

ሚያዝያ 21
ቦሎቄውን ዘርተን ተገላገልን። ፓርመን ሦስት ጊዜ አረፍ አለ። ሐኪሙ "ልብህ ደክሟል፤ አቀበት አትውጣ፣ ሸክም አትንካ" ብሎታል። ባሌ ይሰማል እንዴ! "ቦሎቄው ከያዘ አርፌ እቀመጣለሁ፤ ካልያዘ ድንበር ተሻግሬ ቱርክ፣ ሻይ ለቀማ መሄዴ ነው" አለኝ። ሟርተኛ! አልኩት።

ግንቦት 9
ጠዋት ደጅ ስወጣ ክው አልኩ። አጥሩ ላይ ያለው፣ እንጨቱን ለእንዝርት የምንጠርበው ቁጥቋጦ ነጭ ድር ለብሷል። ውስጡ ትል ይርመሰመሳል። ከሥሩ ካሉት ቀንበጦች በቀር አረንጓዴ የለውም። ጎረቤታችን አሮጊቷ ባቡጻ አማተበች።
"መግነዝ ነው ልጄ። ከዚህ ቤት ሰው ይወጣል።"
ፓርመን ሳቀባት። "ያንቺ ነዋ! ዘጠና አልፎሽ ምን ትጠብቂያለሽ?"
ራት ላይ ግን አልበላም።

ግንቦት 13
ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀንበጦቹ ላይ ጥቁር ክሽክሽ፣ ያ ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ክንፍ አውጥቷል። የቀይዋ ባለነጥብ ጥንዚዛ ልጆች ደግሞ ያንን ክሽክሽ እየለቀሙ ይበላሉ። አስቀያሚዎች! ግን ሲበሉ...
"ተወው" አልኩት ፓርመንን። "እነዚህ ይጨርሱታል። ድሩም ቢሆን እናቴ ቤት አይቼዋለሁ፣ ቁጥቋጦው በሰኔ መልሶ ይለመልማል።"
"መግነዝ ደጄ ተሰቅሎ እንዴት ልተኛ?"
ድምፁ የሕፃን ሆነብኝ። እኔስ አልፈራሁም?

ግንቦት 14
አቃጠለው። ሌሊቱን ሙሉ ተኛ።

ግንቦት 29
የቦሎቄው ጫፍ በክሽክሽ ጠቁሯል። ለካ ክንፍ ያወጣው ከእሳቱ በፊት ከቁጥቋጦው ወደ ቦሎቄው በርሮ ኖሯል። ጥንዚዛ ብፈልግ ለመድኃኒት የለችም። ልጆቿ ክንፍ አልነበራቸው፣ የት ያምልጡ? አመድ ነሰነስን፣ የሳሙና ውሃ ረጨን። ወይ ፍንክች! "አንተ ነህ ያቃጠልከው" ልለው አፌ ድረስ መጣ። ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ሰኔ 12
ቦሎቄውን ነቅለን ለላሟ ሰጠናት። ፓርመን ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ።
"እኔ ልሂድ። ጤነኛዋ እኔ ነኝ" አልኩት።
"ሚስቱን ልኮ እሳት ይሞቃል ልባል?" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ይቅርታ አለኝ... ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኔ 26
ትናንት ደውሎ ነበር። ሻይ ማሳው ገደል ነው አለኝ፤ ቅጠል የሞላ ጆንያ ተሸክሞ ሽቅብ ነው።
"ትተነፍሳለህ?"
"ስወርድ እተነፍሳለሁ" ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም።
ዛሬ እኔ ደወልኩ። ስልኩን የማላውቀው ሰው አነሳው። ቱርክኛ ነው፣ አንድም ቃል አልገባኝም። የፓርመንን ስም ብቻ ለየሁ። ቀስ እያለ፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ ነው የሚያወራው።