ዘጠነኛዋ ከበሮ መቺ

ማዱሬይራ፣ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ
ጃንዋሪ 18 ቀን 2019

ለምወድሽ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? የሊስቦን ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛ በሙቀት እየቀለጥን ካርኒቫልን እንጠብቃለን። አባትሽ ደህና ናቸው፤ ድምፃቸው ብቻ ተዘግቷል። ሐኪሙ መጮህ ስለከለከላቸው በምልክት ነው የሚቆጡን፤ ጣታቸው ከአፋቸው የባሰ ተሳዳቢ ሆኖ አረፈው።

የሳምባ ቡድናችን ልምምድ ሲጀመር ከበሮ መቺዎቹን በየተራ በስም የሚጠሩት እሳቸው አልነበሩ? የተጠራው አንዴ ይመታል። አሁን ስለማይችሉ፣ ስሞቹን ግድግዳው ላይ በብርሃን የሚያወጣ ፕሮግራም ሉዋ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩላቸው። እዚሁ ሪዮ የተወለደ ቋንቋ ነው ብዬ ብኮራበት፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ ማን ይታዘዘኛል አሉኝ በሹክሹክታ።

መጀመሪያ የመቺዎቹን ሰንጠረዥ በስም ሠራሁት፤ ስሙ መፈለጊያ ቁልፍ፣ ከጎኑ የቦታው ቁጥር። ሰንጠረዡን እየዞረ የሚያነበው ትእዛዝ፣ ዙሩ፣ ግን ስሞቹን እንዳገኛቸው እንጂ በተራ አያወጣም። ትንሿ ከበሮ ከትልቁ ቀደመች። አያቴ፣ ማሽንሽ የካሻሳ አረቄ ጠጥቷል አሉ። ገለበጥኩት፤ ቁጥሩን ቁልፍ አደረግሁና ከአንድ እየቆጠረ የሚሄደውን ዙር ሰጠሁት። እስከ ስምንት እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ለካ ይሄኛው ባዶ ቁጥር ሲገጥመው ሁሉም ያለቀ ይመስለዋል። ዘጠኝን ባዶ ያስተዉኝ ደግሞ አያቴ ናቸው። አሥረኛዋ መቺ ዶና ዙሌይካ ዱላቸውን እንዳነሱ ቀሩ።

"ምነው ልጄ፣ ሳልሞት ቀበርሽኝ?" አሉኝ።

ከአሥር ጀምሮ ያሉትን አንድ አንድ ቦታ ላስጠጋቸው ስል አያቴ እጄን ያዙ። ዘጠኝ ገደ ቢስ ቁጥር ነው አሉ። የቤታችን ቁጥር ዘጠኝ መሆኑን ረስተውት! ዶና ዙሌይካ ወደ ጎን ሳብ አድርገው ነገሩኝ፤ ያንቺ ቦታ ነው። ከበሮዋን ጥላ የምትሄድ አትመለስ ብለው ከሸኙሽ ጀምሮ፣ እዚያ ማንንም አላስቆሙም።

እኔም ዙሩ እስከ መጨረሻው ቁጥር እንዲሄድ፣ ባዶውን ግን እንዲዘል አደረግሁት። አያቴ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

"አታስዘልይው" አሉ።

"ስም የለውማ አያቴ፤ ምን ብዬ ላውጣው?"

ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። "ስሟን ደግሞ እኔ ልንገርሽ? እናትሽ አይደለችም?"

ጻፍኩት። ስምሽ ግድግዳው ላይ የሰው ቁመት አክሎ ወጣ። ማንም አልመታም። ከዚያ ዶና ዙሌይካ ተራቸው ደረሰና ዱላቸውን አሳረፉ። ሁሉም ተከተለ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሊስቦን አሁን ስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንዲያው ነው አሉ። ማታ ግን ቁጥርሽን ከስልኬ ላይ ሲገለብጡ አይቻቸዋለሁ፤ ያላየሁ መስዬ ሩዜን በላሁ።

እዚያ ተቀጥረሽ የምትጦሪያቸው አሮጊቶች ይመርቁሽ፤ መርቀውም ቶሎ ይልቀቁሽ። አባትሽ ከደወሉ፣ በስህተት ነው ይሉሻል። እንዳትዘጊባቸው።

ልጅሽ
ጁሳራ