ለገላማ የሚሆን መኪና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ነጩን ልገዛ ነው መሰለኝ። ደላላው ከድር ዛሬ ሁለት ፒክአፕ አሳየኝ። አንዱ ነጭ፣ ደብል ጋቢና፣ ጎማው ትልልቅ፣ ከመሬት ከፍ ያለ። ሌላው ሰማያዊ፣ አሮጌ፣ ባለ አንድ ጋቢና፣ ሲነሳ የሚያስለው። ሰማያዊውን ያየሁት ለወጉ ያህል ነው።

ከድር ምን ልጭንበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ራሳችንን አልኩት። ወዴት? ገላማ ተራራ፣ ድንኳን ተክለን ልናድር። ዘመድ አላችሁ እዚያ? የለንም። ትንሽ አሰበና፣ «ቤቱ ጠበባችሁ እንዴ ጋሼ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። አሰላ ውስጥ ሞቅ ያለ አልጋውን ትቶ ብርድ ላይ የሚያድር ሰው ብዙ የለም።

ምክንያቱን እዚህ ላስፍረው። ባለቤቴ ሙሉ ትባላለች፤ የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። ከጋዜጣ ሥራ ጡረታ ወጥቼ ወደ አሰላ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር ዕቃችንን በፈረስ አስጭነን በእግራችን ገላማ እንወጣ ነበር። አምና ደረጃ ላይ ወደቀች። ግራ ጉልበቷ በቀዶ ጥገና ተሠራ፤ አሁን በደንብ አይታጠፍም። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ አልፋ አታውቅም፤ እሱም በባጃጅ። ከሕመሙ የሚብስባት ግን ሰው ሲደግፋት ነው። ክንዷን የነካ ሁሉ «ልቀቀኝ» ይባላል፤ ቄሱም ሳይቀሩ።

ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ጋ ቆማ ተራራውን ስታይ ቆየችና፣ «ጅባራው አሁን አብቦ ይሆናል» አለች። ተራራው ጫፍ ላይ እንደ ምሰሶ የሚቆመውን ተክል ማለቷ ነው። እኔ መኪና መፈለግ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። አልነገርኳትም። በሩ ላይ አምጥቼ ላቆምላት ነው። ጾም የሚገባው ሰኞ ስለሆነ ቅዳሜ መውጣት አለብን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሁለቱንም ከከተማው በላይ ባለው ድንጋያማ መንገድ ነዳኋቸው።

ነጩ፦ ቦዩን እንደሌለ ቆጥሮ ተሻገረ። መሪው ቀላል። ፎር ዊሉ በአንድ ቁልፍ ይገባል። ኋላ ወንበር ላይ ልብስና ምግብ ከዝናብ ይድናል።

ሰማያዊው፦ ሞተሩ ደህና። ፍሪሲዮኑ ጠንካራ። ባሌስትራው ይንጫጫል። ፎር ዊል ለማስገባት ወርዶ የፊት ጎማዎቹን በእጅ መቆለፍ ያስፈልጋል። ዝቅ ያለ ስለሆነ ሆዱ ድንጋይ ሊነካ ይችላል። የጭነት ቦታው ግን ረጅም ነው፤ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ይተኛበታል።

ጋዜጣ ቤት ከተማርኳቸው ነገሮች አንዱ፣ አንድ ምንጭ ምንጭ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ መካኒኩን ጠየቅሁ። ነጩን ይነዳ የነበረውን ሾፌር ፈልጌ ጠየቅሁ። ጎሚስታውንም ጠየቅሁ። ሦስቱም ነጩን አሉ።

ድንኳናችንን አይጥ በልቶታል። ከእድራችን ትንሿን ድንኳን ለመዋስ ሄድኩ። ጸሐፊው ገና ሳልጨርስ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «እኔን! ማን አረፈ?» አለኝ። ካስረዳሁት በኋላም ፊቱ ቶሎ አልተመለሰም። ሰጠኝ፤ ግን ፒክአፑ ሲገዛ የእድሩን አግዳሚ ወንበር እንዳመላልስበት አስምሎ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

መጥፎ ቀን።

ከድር ነጩን አጥቦ አመጣው። ሙሉ ወጥታ ዙሪያውን አየችው። ለገላማ መሆኑ ገባት፤ ፊቷ በራ። «አንተ ሰውዬ!» አለችኝ፤ እንዲህ ስትለኝ ደስ ብሏት ነው። በሩን ከፈትኩላት።

መርገጫው በጣም ከፍ ያለ ነው። ቀኝ እግሯን ሰቅላ ሞከረች፤ አልደረሰም። ከድር ሮጦ የለስላሳ ሳጥን አመጣ። ቲቸር ነው የሚላት፤ ካርታ ያስተማረችው እሷ ናት። ሳጥኑ ላይ ቆመች፤ ሳጥኑ ተነቃነቀ። እኔና ከድር ሳንነጋገር ከግራና ከቀኝ ብድግ አድርገን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት።

ጥቂት ጊዜ ፊት ለፊት ብቻ እያየች ተቀመጠች።

«አሁን ደግሞ አውርዱኝ።»

አወረድናት። ልብሷን አስተካክላ፣ «ስንዴ እንኳን ሲጫን ባለቤቱ ይጠየቃል» አለችና ገባች። ከድር መሬት መሬት አየ። ማታ እራት ላይ፣ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አለች። ቁጣ የለውም። ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

መካኒኩን ጠይቄያለሁ። ሾፌሩን ጠይቄያለሁ። ጎሚስታውን ጠይቄያለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው ጭስ በጭስ ነው።

ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ደላላው ሌላ መኪና የለውም ወይ አለችኝ። አንድ አሮጌ ሰማያዊ አለ አልኳት። አሮጌነቱን እንዳልጠየቀችኝ ነገረችኝ። በባጃጅ ሄድን።

ከድር በሩን ሲከፍት እጄ ሳላስበው ወደ ክርኗ ሄደ።

«እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አለችኝ። ከተትኩ። «አንተም!» ከድርም ከተተ።

ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ ቆመች። ወንበሩ ልክ ዳሌዋ ጋ ነው። ቁጭ አለች፤ ግራ እግሯን ሳታጥፍ ዞረች፤ በሩን ራሷ ዘጋችው። አለቀ። ከዚያ ወርዳ ወደ ኋላ ሄደች፤ የጭነቱን ቦታ የሚዘጋውን የኋላ ክፈፍ አስወረደችው። እዚያም ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ እየተንፏቀቀች ወደ ውስጥ ገባች፤ የጎኑን ብረት ይዛ ተነሳች። ከላይ ሆና አየችን። ሁለታችንም እጃችን ኪሳችን ውስጥ ነው።

«ከድር፣ ከአሰላ ተነስተህ ጢቾ በየት በኩል ናት?»

«በደቡብ ምሥራቅ፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ። ነገ በዚያ በኩል እንሄዳለን።»

እሷ የጢቾ ልጅ ናት። የሰማያዊው ባለቤት ገንዘብ ሳይቀበል መኪናውን ለሙከራ የሚሰጠው ከድር አብሮ ካደረ ብቻ ነው። ከድር ለሚስቱ ደውሎ ብርድ ላይ ሊያድር መሆኑን ሲነግራት ሳቋ እኛ ጋ ድረስ ተሰማ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የምጽፈው ድንኳኑ ደጅ ተቀምጬ ነው፤ ጣቴ ደንዝዟል።

ከድር መሐል ተቀመጠ፤ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ጉልበቱን ይሰበስባል። ሜዳው ላይ ገብስ ይታጨዳል። ወደ ጢቾ የሚወስደውን መንገድ ትተን ወደ ገላማ ስንታጠፍ ወርጄ ጎማዎቹን ቆለፍኩ። ሰማያዊው እያሳለው ወጣ። አንዴ ሆዱ ድንጋይ ነካ። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት በላይ ያለው ጭቃ ግን አላሳልፍ አለ። ሞከርኩ፤ ተንሸራተተ፤ እንደገና ሞከርኩ። ነጩ ያልፈው ይሆናል። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ጅባራው ያለበት ጫፍ ከፊታችን ይታያል፤ ለጤነኛ እግር ቅርብ ነው። ሙሉ አየችውና፣ «እዚህም ጥሩ ነው» አለች። ጥሩ አይደለም።

የእድሩን ድንኳን ተከልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሦስት ፈረሰኞች ከሩቅ አይተውን ወረዱ። ፈረሶቻቸውን እየሳቡ ቀስ ብለው መጡ፤ ሳይናገሩ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንገታቸውን ደፍተዋል። እኛም ግራ ገብቶን አንገታችንን ደፋን። በመጨረሻ ሽማግሌው፣ ኦቦ ሐሰን ይባላሉ፣ በኦሮምኛ ፈጣሪ ያጽናችሁ ብለው ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቁ። ያን ጊዜ ገባን፤ ይህን ድንኳን ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ከድር ሳቁን መያዝ አልቻለም። ማንም አልሞተም፣ ለመዝናናት ነው አላቸው። ኦቦ ሐሰን ድንኳኑን አዩ፣ ተራራውን አዩ። «እኛ እዚህ ስንኖር ዕድሜያችንን ሙሉ እየተዝናናን ነበራ!» አሉ።

ሁለት መጥበሻ ተጣደ፤ የእስላሙን ሥጋ ከድር ጠበሰ፣ የክርስቲያኑን ሙሉ ጠበሰች። እንቁላሉ የጋራ ነው። ሙሉ ከኦቦ ሐሰን ጋር በኦሮምኛ ስለ ጢቾና ስለ አባቷ ፈረስ አወራች። ከጉልበቷ መሠራት በኋላ ይህን ያህል ስታወራ አልሰማሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ቤት ገብተናል። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ኦቦ ሐሰን ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው መጡ። ሙሉን ጫፉ ላይ ሊያደርሷት ነው። ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን አቆላልፈው፣ እግሯን እንድታሳርፍ ጋበዟት። በአክብሮት ነው። እሷም በአክብሮት እምቢ አለች፤ ፈረሱን መኪናው ኋላ እንዲያመጡላት ለመነቻቸው።

ክፈፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ ተንፏቀቀች፤ ብረቱን ይዛ ተነሳች። ፈረሱ ከክፈፉ ጎን ለጎን ቆመ። በማይታጠፈው ግራ እግሯ ቀጥ ብላ ቆማ ቀኙን በኮርቻው ላይ አሻገረች። ማንም አልነካትም። ኦቦ ሐሰን ልጓሙን ይዘው ሊስቡላት ነበር። «ለእኔ ይስጡኝ» አለቻቸው። ሰጧት።

ወጣች። እኔ ከኋላዋ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ተከተልኩ። ዳገቱ ላይ ፈረሱ አንዴ ተደናቀፈ፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ተጨበጠ፤ አላወጣሁትም።

ጅባራው አላበበም። አረንጓዴ ሆኖ ተገትሯል። «ተሳስቻለሁ» አለችና ፈረሱ ላይ ሆና ሳቀች። ብዙ ቆየን። ስንመለስም በዚያው በክፈፉ ወረደች።

ወደ ታች ስንነዳ ከድር ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ጋሼ፣ የመኪናውን ባለቤት እሺ ልበለው?» አለኝ። እሷን ጠይቃት አልኩት። ሙሉ ጥቂት አሰበች። «ባሌስትራውን ያሠራ። ፍሬኑንም መካኒክ ይይልኝ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

እኔም ጥርጣሬዬን አልተውኩም። ያ ጭቃ በክረምት ምን ይሆናል? የታችኛው ብረትስ ያን ድንጋይ ስንት ጊዜ ይችለዋል? መኪናው ገና የእኛ አይደለም።

ከድር ግን መኪናውን እኛ በር ላይ አቁሞ በባጃጅ ነው የሄደው። ቁልፉን ስፈልግ አጣሁት። ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች።