በጡትሽ ያስማልሽው

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ብርዱን እንዴት ቻለው? የጓዳው ክዳን ተጠገነልሽ ወይስ አሁንም ያፈሳል? ጎረቤትሽ ሣባስ በሰላም ተገላገለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ፊደሉን አጉልቼ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ነው። መሠረተ ትምህርት መግባትሽ እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የምነግርሽ ለሌላ ሰው ጆሮ አይሆንምና። ቀስ እያልሽ አንብቢው፣ ሲደክምሽ አረፍ በዪ።

ስለ ወንድሜ ስለ ፍስሃ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። መጠጡን ሳይተው ዓይኑን አላይም ብለሻል። መናደድሽ አይገርመኝም፤ እኔም ስንቴ ተንጨርጭሬበታለሁ። ግን እማዬ፣ ልጅሽ ትቶት ነበር። ደብዳቤሽን ሌላ ሰው ያነብልሽ ስለነበር እስከ ዛሬ ሳልነግርሽ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ከደብረ ሲና መጥተሽ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ጡትሽን አውጥተሽ፣ ይህን ጠብተህ ያደግህ ከሆነ ሁለተኛ እንዳትቀምስ፣ ከቀመስክ ጡቴ ይፍረድብህ አልሽው። እሱም ጉልበትሽን ስሞ ማለልሽ። አንቺ ወደ አገርሽ ተመለስሽ፤ እሱ እዚህ ወሎ ሰፈር እኔ ዘንድ መከራውን አየ። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ላቡ አንሶላውን አራሰው፣ የሌለ ሰው እየታየው ጮኸ። ጋራዥ አብሮት የሚሠራው ሙነወር፣ መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ የወሎ ልጅ፣ እሱ ነው እየጎተተ ሆስፒታል የወሰደልኝ። ዶክተር ላጲሶ የሚባል ሐኪም ያዘው። ተኝቶ ታከመ፤ ከወጣም በኋላ በየሳምንቱ እየሄደ ከሐኪሙ ጋር ይወያይ ነበር። ሰው ሆነ እማዬ! ምግብ አማረው። እሑድ እሑድ የልጆቼን ጫማ ይጠርግ ጀመር። ሞተር ሲያወርድ ውሎ፣ ቅባት በቅባት ሆኖ እየዘፈነ ሲገባ ስንቴ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ዘፈኑ እንደሆነ እንደማያምርበት ታውቂያለሽ።

ከዚያ አንድ የሥራ ጓደኛቸው እንዲዘምት ታዘዘና ቀበሌው ሽኝት አደረገለት። ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ፣ ለዘማቹ ጓድ የማይጠጣ ማነው ብሎ ዙሪያውን አየ። በዚያ ዓይን ፊት እንቢ ማለት ምን እንደሚያመጣ አንቺም አታጪውም። ፍስሃ አንዲት መለኪያ ጠጣ። አንዲት ብቻ።

በማግስቱ በራሱ እግር ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ተናገረ። ዶክተሩ አልተቆጣውም። ይህ በሽታ እንደ ወባ ያገረሻል፣ ወባ ያገረሸበትን ሰው ማንም አይረግመውም፣ ተነስና ካቆምንበት እንቀጥል አለው። ፍስሃ ግን አንተ የምታክመው መጠጡን ነው፣ የእናቴን ጡት በምን ታክመዋለህ ብሎት ወጣ። በዚያው ቀረ። እኔንም ሸሸኝ፤ የተረገመ ሰው ልጆችሽ አጠገብ አይተኛም ብሎ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ጎማ የሌለው መኪና ውስጥ ማደር ጀመረ። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ካየኝ መንገድ ይሻገራል። መጠጡም ከበፊቱ ባሰበት። ሙነወር ተው ሲለው፣ አንዴ ተፈርዶብኛል፣ ከዚህ ወዲያ ምን እንዳይመጣብኝ ነው የምተወው ይለው ነበር።

ላስቀይምሽ አልፈልግም፤ ግን ልዋሽሽም አልችልም፣ በጣም ተናድጄብሽ ነበር። ንዴቴን ለሐኪሙ ብነግረው እሱ ላንቺ ቆመ። እናት ልጇን ለማዳን ከሁሉ የሚከብደውን ነገር አወጣች፣ እንደሚያገረሽ ከየት ታውቀው አለኝ። ቀጥሎም፣ እናንተ ቤተሰቦች በመሐላ ያቆማችሁት ይመስላችኋል፣ ሲወድቅ ግን የሚመለስበትን በር ትዘጉበታላችሁ አለኝ። ደረቅ ሰው ነው፣ ይህን ሲል ከሚጽፈው ቀና እንኳ አላለም።

አሁን ሆስፒታል ነው ያለው። ሙነወርና የጋራዡ ሰዎች ተሸክመው አመጡት። ዓይኑ ብጫ ሆኗል፣ ሆዱ ተነፍቷል፤ ሌላውን መጥተሽ ታዪዋለሽ። ሲቃዥ ማሪኝ ይላል። ማንን እንደሆነ ስለማውቅ አንቺን መስዬ፣ ማርኩህ ልጄ አልኩት። ድምፅሽን ከእኔ ድምፅ ይለያል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ስለዚህ እማዬ፣ ነይ። ዓይኑን አላይም ያልሽውን ተዪው። የአዝመራውን ነገር ለጎረቤት አደራ ስጪና ነገ ዛሬ ሳትዪ ተነሺ። ቀበሌው የይለፍ ወረቀት አልሰጥም ካለሽ አልቅሺባቸው፤ እሱ እንደሆነ አያቅትሽም። አውቶቡሱ መገናኛ ሲደርስ ውረጂ፣ ሙነወር ቆሞ ይጠብቅሻል። እኔ ከአጠገቡ አልለይም። እንጠይቀው ለሚሉ ሰዎች የተወሰነ ሰዓት አለ፤ ላንቺ ግን ዶክተሩ በደረሰችበት ሰዓት አስገቧት ብሎ ለዘበኞቹ ነግሯል።

ስትገቢ ደረትሽን አትምቺ፣ አትጩሂ። ጎንበስ በዪና ጆሮው ሥር ማርኩህ በዪው። ባይመልስልሽም ደግመሽ በዪው። ዶክተሩ እስካሁን ይሰማል ብሎኛል።

እመቤቴ መንገድሽን ታሳጥርልሽ፣ ለጉልበትሽም ለልብሽም ብርታት ትስጥልሽ።

ዓይን ዓይንሽን የምትጠብቅ
የበኩር ልጅሽ