ወፍጮ ቤቱንና የጽሕፈቱን ሥራ ለሰው ያካፈሉት የወይዘሮ ሙሉዬ ከፋለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሙሉዬ ከፋለ ከአባታቸው ከአቶ ከፋለ አረጋና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገሬ ገብረመስቀል በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. በላስታ አውራጃ በብልባላ ተወለዱ። አባታቸው በእርሻም በከብትም የታወቁ፣ ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠሩ ገበሬ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው መሪጌታ ምስጋኑ ለዜማ ትምህርት ከቤት ሲወጡ፣ ወይዘሮ ሙሉዬ ሴት በመሆናቸው ከእናታቸው ጋር ቀሩ። ቢሆንም መሪጌታ ለበዓል በተመለሱ ቁጥር አጠገባቸው ቁጭ እያሉ ፊደል ቆጠሩ። ማንበቡ ቶሎ ገባቸው፤ መጻፉ ግን ዕድሜ ልካቸውን እንደ ዳገት ከበዳቸው።

በ1944 ዓ.ም. በላሊበላ ከተማ ጨውና ጨርቅ ይነግዱ ከነበሩት ከአቶ ታፈረ ጋር በወግ ተዳሩ። በሕፃንነታቸው ካረፉት ልጆች በቀር አሰለችንና ውባንተን ወልደው አሳደጉ። አቶ ታፈረ በ1961 ዓ.ም. የናፍጣ ወፍጮ ከደሴ ሲያመጡ መኪናው ኩልመስክ ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሞተሩ ተፈታቶ በሰው ትከሻና በአህያ ነበር ከተማ የገባው። ወይዘሮ ሙሉዬም የዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ብረት የት እንደሚገባ እያዩ ቆዩ። ለወፍጮው ሠራተኛ ሆኖ የተቀጠረው ገብረ ሊባኖስ ሞተር ማስነሳት የተማረው ከእሳቸው ጋር እኩል ነው።

አቶ ታፈረ በ1967 ዓ.ም. ወደ ቆቦ ለእህል ወርደው ወባ ይዟቸው ተመለሱ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። መንግሥት ተለውጦ መሬቱም ትርፍ ቤቱም የተወረሰበት ዓመት ነበር። ዘመድ ሁሉ «ይሸጥና እፎይ በይ» ቢላቸው እምቢ አሉ። የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ በማተባቸው ላይ አስረው ሥራውን ያዙ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት የሩጫ ዓመታት ናቸው። ጎህ ሲቀድ ሞተሩን ያስነሳሉ። እህል ይመዝናሉ፣ ዱቄት ያስረክባሉ፣ ድንጋዩ ሲደነዝዝ ቆመው ያስወቅራሉ። ይህ በእጃቸው ላይ የቀለለ ሥራ ነበር። ያደከማቸው ሌላው ነው። ለቀበሌው በየወሩ ስንት ኩንታል እንደተፈጨና ስንት ናፍጣ እንደነደደ ሪፖርት ይፈለጋል። ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል። ናፍጣ በሰልፍና በፊርማ ከወልድያ ይመጣል። በዚያ ላይ የቀበሌ ስብሰባ፣ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ፣ የመዋጮ ስብሰባ አለ። ወይዘሮ ሙሉዬ ይህን ሁሉ ብቻቸውን ያዙት። በመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ቢያገኙም አንዲቱን ሪፖርት ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር። የሟች እኅታቸው ልጅ ሸጌ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ እዚያው ቤት ተቀምጣለች፤ «እትዬ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ስትላቸው ግን አይሰጧትም። አንዲት ቁጥር ብትዛነፍ ወፍጮው ይወረሳል የሚል ፍርሃት ነበረባቸው። ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ነገር ንብረቱን ያጣ ሰው በከተማው ነበር።

ለገብረ ሊባኖስም ሞተሩን ከመጠበቅ ያለፈ ሥልጣን አልሰጡትም። ቅባት ቢያልቅ እሳቸው እስኪመጡ ይጠብቃል። የሚያልፍ ሰው የቤቱን በቅሎ ለአንድ ቀን ቢለምን «እትዬን ጠይቅ» ይላል። ወይዘሮ ሙሉዬም ቆመው ይበላሉ፣ ቆመው ሰላም ይላሉ፣ ለሁሉም ነገር «ነገ» ይላሉ። ብልባላ የተዳረችው ልጃቸው አሰለች አንድ ቀን ለገበያ መጥታ አላዋራ ቢሏት፣ «እናቴን ለማየት እኔም ስልቻ ይዤ ልሰለፍ እንዴ?» ብላ ስቃ ሄደች። እሳቸውም ሳቁ። ይህችን ነገር በኋላ ሲያነሷት ሳቅ አልነበራትም።

በግንቦት ወር 1972 ዓ.ም. አሰለች የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። ወይዘሮ ሙሉዬ የናፍጣ ወረቀት ለማስፈረም ወልድያ ሄደዋል፤ «እመለሳለሁ፣ ከልጄም ዘንድ እወርዳለሁ» ብለው ነው የወጡት። እዚያ ግን ፈራሚው ለስብሰባ ሄዷል ተባለ። ተጠባበቁ። በዚህ መካከል አንድ ረፋድ ላይ ከብልባላ ሰው እየሮጠ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ፦ ምጡ ጠንቶባታል፣ የጤና ጣቢያውን አካሚ፣ ድሬሰሩን፣ በበቅሎ ይዛችሁ ድረሱ አለ።

በቅሎዋ በግቢው ታስራ ነበር። ወይዘሮ ሙሉዬ ሲወጡ ግን ናፍጣውን ከመኪናው ማውረጃ የምታመላልሰው እሷ ስለሆነች «ማንም እንዳይነካት» ብለው አዝዘዋል። ሸጌ «እንሂድ» አለች። ገብረ ሊባኖስ «ዛሬ ይደርሳሉ፣ እሳቸው ይዘዙ» አለ። ድሬሰሩ ዘንድ ሄዶ ለመጠየቅም ሞተሩን ማቆም ፈራ፤ ሰልፉ ላይ ብዙ ሰው ነበር። የወልድያው መኪና ሳይመጣ መሸ። በማግስቱ በቅሎዋ ስትላክ አሰለች ሴት ልጅ ወልዳ፣ ደሟ አልቆም ብሎ አርፋለች።

ወይዘሮ ሙሉዬ የተፈረመውን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ብልባላ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ ነበር። ሕፃኗን ተቀብለው ታቀፉ። «ይማርሽ» አሏት፤ ስሟም እሱ ሆነ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ገብረ ሊባኖስ ወፍጮ ቤቱን ለቆ ሊሄድ ጓዙን ጠቅልሎ ፊታቸው ቀረበ።

«እትዬ፣ ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ። ዓይንዎን ማየት አልችልም» አላቸው።

ወይዘሮ ሙሉዬም፣ «አንተ ምን አደረግህ? ሳልፈቅድልህ ጣትህን እንዳታነሳ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ተቀመጥ» አሉት።

የአሰለች ተዝካር ከወጣ በኋላ እሱንና ሸጌን ጠርተው ሥራውን አካፈሉ። ሞተሩ፣ ቅባቱ፣ ድንጋዩ፣ አህዮቹና በቅሎዋ ለገብረ ሊባኖስ ሆኑ፤ ሰው ሲታመም፣ ጎረቤት ሲቸገር ማንንም ሳይጠይቅ እንዲወስን አዘዙት። ሪፖርቱ፣ ፈቃዱ፣ የናፍጣው ወረቀትና የቢሮ ደጅ ጥናቱ ለሸጌ ሆነ። ቁልፉም ሁለት ተቀርጾ ለሁለቱ ተሰጠ። እሳቸው ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጠው የሳምንቱን ይሰማሉ፤ በሌላው ጊዜ ይማርሽን ያሳድጋሉ።

ነገሩ እንዲህ በአንድ ቀን የተሳካ አይምሰላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ሕፃኗን አዝለው ደጅ ላይ ይቆሙ ነበር። ሸጌ አንድ ጊዜ የሁለት ወር ሪፖርት አቀላቅላ አስገብታ ቅጣት ቢመጣ ተቆጥተው ወረቀቱን ሁሉ ነጠቋት። ሁለት ወር ያህል እንደ ጥንቱ ሮጡ። አንድ ቀን ከቀበሌ ሲመለሱ ይማርሽ ከሸጌ እቅፍ ወደ እሳቸው አልሄድም ብላ አለቀሰች። ወዲያው ወረቀቱን መልሰው ለሸጌ ሰጧት። «ስትሳሳቺ ንገሪኝ እንጂ አትደብቂኝ፤ እኔም አልነጥቅሽም» አሏት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ይህን አልወደዱም። በስብሰባ መካከል አስነስተው፣ «ጓድ ሙሉዬ፣ አንዷን ለወረቀት አንዱን ለሞተር አስቀምጠሽ አንቺ የልጅ ልጅ ታቅፊያለሽ። ይሄ የሰው ጉልበት መበዝበዝ ካልሆነ ምን ይባላል?» አሏቸው።

ወይዘሮ ሙሉዬም፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሁሉንም ብቻዬን ስሠራ ልጄን ቀበርኩ። እነዚህ ሁለቱ የሚበሉት እኔ ከምበላበት ገበታ ነው፤ መጥተው ይዩ። ብቻዬን እንድሠራ ከፈለጋችሁ ግን ስብሰባውን ቀንሱልኝ» ብለው ተቀመጡ። ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቁም፤ ነገሩንም አልረሱትም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ላስታን ባደቀቀበት ጊዜ ከተማዋ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተላለፈች። የታጠቁ ሰዎች እህል አምጥተው አስፈጩ፤ እምቢ ማለት የሚቻል አልነበረም። ሸጌ ናፍጣው የት ገባ እንዳይባል የተፈጨውን ሁሉ በወሩ ሪፖርት ላይ አስፍራ ፈረመች። የመንግሥት ጦር ሲመለስ ሊቀ መንበሩ ያንን ሪፖርት ይዘው ቀረቡ። ሸጌ «ለወንበዴ ስንቅ አዘጋጅተሻል» ተብላ ተያዘች።

ወይዘሮ ሙሉዬ ይማርሽን ለጎረቤት ሰጥተው ወደታሰረችበት ሄዱ። መርማሪው፣ «የፈረመችው እሷ ናት፤ እርስዎን ማን ጠራዎት?» አላቸው።

«እንድትፈርም ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አሉ። «የሰጠኋት ሥራውን ነው፤ ጣጣውን አልሰጠኋትም። ወፍጮው የኔ ነው፣ ጥያቄውም የኔ ነው።»

«እንግዲያው ይግቡ» አላቸው። ገቡ። ሸጌ ከቀናት በኋላ ተለቀቀች፤ እሳቸው ግን ወደ ወልድያ ተወስደው ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ፍርድ ታሰሩ። እስከ መጨረሻው ያልተዋቸው ሳልም እዚያ ከሲሚንቶው ቅዝቃዜ የያዛቸው ነው።

ወንድማቸው መሪጌታ ምስጋኑ በሶ ይዘው ሊጠይቋቸው ሲሄዱ፣ የእርዳታ ስንዴ መምጣቱን፣ ወፍጮውም ጠዋት ማታ እንደሚሠራ ነገሯቸው። ገብረ ሊባኖስ አቅም ላጣ ሰው ያለ ክፍያ እንደሚፈጭ፣ ለደከሙት የሚሆን ገንፎ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ እንደሚያስገነፋ ጭምር አወሩላቸው።

«እርስዎን ጠየቀ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉዬ።

«ማንንም አልጠየቀም።»

«ሸጌንስ?»

«እሷም ያየችው ከተጀመረ በኋላ ነው።»

ወይዘሮ ሙሉዬ «እሰይ!» አሉ። ቀጥሎም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። መሪጌታ የደስታ መስሏቸው ሊያጽናኗቸው ቢሉ፣ «ተዉኝ፣ አሰለችን ነው» አሏቸው።

በ1978 ዓ.ም. ማብቂያ ተፈትተው ወደ ከተማ ሲገቡ ወፍጮው ይሠራ ነበር። ሸጌ ከወንበሯ ተነስታ ቁልፉንም ወረቀቱንም ልታስረክባቸው ብትል አልተቀበሉም። «ለካ ያለ እኔም ይሄዳል» አሉ። ይህን ሲሉ በድምፃቸው ደስታም ቅያሜም እንደነበረበት የሰሙት ሁሉ ያስታውሳሉ። በዚያው ዓመት ልጃቸው ውባንተ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር፤ ሊሰናበታቸው እንኳ አልቻለም። መጀመሪያ ላይ ከአስመራ የደኅንነት ወሬ ይመጣ ነበር፤ ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ ግን ተቋረጠ። በከተማዋ ወታደር የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ሳላቸውን ይዘው መንገድ ዳር ይቆሙ ነበር።

ለዓመታት «ጊዜ ሳገኝ» ሲሉ የኖሩትን የይምርሐነ ክርስቶስ ስእለት በ1982 ዓ.ም. ይማርሽን በበቅሎ አስቀምጠው ወርደው አደረሱ። ከመሪጌታ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ባለው ጥድ ጥላ ሥር እንደተቀመጡ ወንድማቸው፣ «እንግዲህ አረፍሽ፤ ሥራሽን የሚይዝልሽ ሰው አገኘሽ» አሏቸው። ወይዘሮ ሙሉዬ ግን፣ «አዎ፣ ጊዜስ አገኘሁ። እኔ የምፈልገው ግን ያንን አንዱን ቀን ነበር» ብለው መለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ጸናባቸው። ደሴ ወስዶ ለማሳከም ቢታሰብም በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ተዘጋ። በጸበልና በቤተሰብ እንክብካቤ ቆይተው መጋቢት 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ቆርበው፣ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በኑዛዜያቸው መሠረት በልጃቸው በአሰለች መቃብር አጠገብ፣ በብልባላ ጊዮርጊስ ይፈጸማል።

ወንድማቸው መሪጌታ ምስጋኑ፣ እንደ ልጅ ያሳደጓት ሸጌ፣ እንደ ቤተሰብ የኖረው ገብረ ሊባኖስ፣ «እማዬ» ብላ ከእሳቸው በቀር ሌላ የማታውቀው የልጅ ልጃቸው ይማርሽና ያለበት ያልታወቀው ልጃቸው ውባንተ ከኋላቸው ቀርተዋል። ወይዘሮ ሙሉዬ በአልጋ ላይ ሳሉ አደራ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ ውባንተ ቢመጣ መርዶውን በመንገድ እንዳይሰማ፣ ቤት ገብቶ እህል ከቀመሰ በኋላ መሪጌታ እንዲነግሩት።

የድካማቸውን ልክ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያኑርልን፤ ከአሰለችም ጋር ያገናኛቸው። ለይማርሽ አሳዳጊ አያሳጣት። ውባንተንም፣ በሕይወት ካለ፣ በእግሩ ያምጣልን። አሜን።