በርሜል ውስጥ የቆመ የጀልባ ሞተር

ኅዳር 3፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰ.

ዛሬም ጠፋ። ይነሳል፣ ያጓራል፣ ግቢውን በጭስ ይሞላል፤ ሻይ ፈልቶ ሳይወርድ ጭጭ። አበባ ከኩሽና ብቅ ብላ፣ ኅዳር ሳይታጠን ግቢውን አጠንከው አለችኝ። ሚስት ናት፣ ምን ይደረጋል።

አንቺ ማስታወሻዬ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ስነግርሽ ምናልባት ለራሴም ይገባኝ ይሆናል። የጀልባ ሞተር ነው። አዎ፣ ጅግጅጋ ላይ የጀልባ ሞተር! እኔ ጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነኝ። ጀልባ በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አብዲ፣ አብሮ አደጌና ጎረቤቴ፣ ከበርበራ በቶጎ ውጫሌ በኩል አስመጣው። አሮጌ፣ ጨው የበላው። የራሱ ቤንዚን ታንክ እንኳ የለውም፤ ከጀሪካን በቱቦ ነው የሚጠጣው። እንዲቀዘቅዝ እግሩን ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አቁሜ አስነሳዋለሁ።

ምን ያድርግ? እናቱ ሆዮ ሳፊያ ቀላፎ አጠገብ ዘመዶቻቸው ዘንድ ናቸው። ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ መንደሩን ከብቦታል። እሳቸውና የእህታቸው ቤተሰብ አንዲት ጉብታ ላይ ቀርተዋል። አብዲ መኪና ተከራይቷል፤ ኅዳር 12 ማለዳ ከበርበራ ገና የምትመጣለትን ጀልባና ሞተሩን ጭኖ ይሄዳል። እስከዚያ ይህ ጉድ መሥራት አለበት።

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

የጀሪካኑን ክዳን ከፍቼ አየሁ። ቤንዚን አለ። ካንዴላውን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መለስሁ። ተነሳ! አብዲን ጠራሁት። እየሮጠ መጣ፣ አቀፈኝ። እንደተቃቀፍን ጠፋ። አፈርሁ።

ጀሪካኑ ላይ ግን እንከን አይወጣልኝም። ሞተሩ የመጣ ዕለት የአበባን ቢጫ ጀሪካን ወሰድሁ፣ ክዳኑን በስቼ ቱቦውን አሳለፍሁ፣ ዙሪያውን በማስቲሽ ደፈንሁ፣ ከክዳኑ ሥር ፌስታል አደረግሁ፣ አጥብቄ ዘጋሁ። ጠብታ አያወጣም፣ ሽታ አያወጣም። ቤንዚን እንዲህ በጠፋበት ዘመን ማን ያፈሳል? ነዳጁ አያሠጋኝም። ችግሩ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ካርቡሬተሩን አወረድሁ። ውስጡ እንደ ሙጫ የደረቀ ነገር። አገኘሁህ ሌባ! አልሁ። አጠብሁ፣ ነፋሁ፣ ገጠምሁ። ቤንዚን ሞላሁለት። ተነሳ። ጠፋ። ወይ አምላኬ!

ደግሞ ይሄን ስሚ፦ ጀሪካኑ ሙሉ ሲሆን ቶሎ ይጠፋል፣ ሲጎድል ረዘም ያለ ይሄዳል። ሲጠግብ የሚሞት፣ ሲርበው የሚበረታ ሞተር የት አገር አለ? ቱቦው መሃል በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ኳስ አለች፣ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የምትገፋ። እሷም ሲጠፋ ጠፍጣፋ ሆና አገኘኋት። አርጅታ ነው አልሁ።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ዘይት ብቻ ሆኗል፣ ደፍቼ ሌላ አስሞላሁ። ባለ ጋሪው ውሃውን ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ነገርሁት። አህያውን ይዞ እስኪታክተው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እዚህ እኛ ውሃ እናሳድዳለን፣ እዚያ ውሃ ሰው ያሳድዳል።

አበባ ደግሞ ጀሪካኔ ላይ ማን ተቀመጠበት ብላ ተቆጣች። እውነትም ጎኑ ገብቷል። ፀሐይ ነው አልኋት። በጅግጅጋ የኅዳር ንፋስ ምን ፀሐይ አየህ አለች። 

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

አብዲ በእህታቸው ልጅ ስልክ ሆዮን አገኛቸው። መስመሩ ይቆራረጣል። ሞተሩን ማን እየሠራው ነው ብለው ጠየቁት። ጌቱ አላቸው። እንግዲያ ይሠራል፣ እጠብቃለሁ አሉ። ጉብታው ላይ ላሉትም ሁሉ ነገሩ፤ ጌቱ የነካው ነገር ይሠራል ብለው።

 ልጅ ሳለሁ፣ እሳቸው እዚህ ሰፈር ወተት ሲሸጡ፣ ራዲዮናቸውን ዘርግፌ መልሼ ገጠምሁት። አንዲት ብሎን ተረፈችኝ። ራዲዮኑ ግን ሠራ። ለምን እንደሠራ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሳቸው ግን ያን ቀን ከማንም አስቀድመው ባለሙያ አሉኝ፤ ከልጃቸው እኩል ወተት ቀዱልኝ። ሥራዬን የጀመርሁት በዚያች ቃል ነው። አሁን ደግሞ ውሃ ከብቧቸው በዚያች ብሎን ተማምነው ተቀምጠዋል።

ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። አብዲ ከባቢሌ አንድ መካኒክ አመጣ፣ ወፍራም፣ ልበ ሙሉ። አሽትቶ ብቻ ቤንዚናችሁ ከላምባ ጋር የተቀየጠ ነው ብሎ ፈረደ። ደፋነው። ከሌላ ሰው ሌላ ቤንዚን ገዛን፣ ከዘይቱ ጋር ለካን፣ ሞላን። ሞተሩ ተነሳ። መካኒኩ ምን አልኳችሁ ብሎ ጫቱን ይዞ ሄደ። ከሰፈሩ ሳይወጣ ጠፋ።

 አብዲ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብሎ ውሃውን አየ። ዋላል፣ ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ አለ በመጨረሻ፤ ይሠራል አይሠራም? አላውቅም አልሁት። አላውቅም ማለት እንዲህ ይከብዳል?

ካንዴላ ስነካ ይነሳል። ካርቡሬተር ስነካ ይነሳል። ቤንዚን ስቀይር ይነሳል። የነካሁት ሁሉ መድኃኒት፣ ሁሉም ለአንድ ሻይ። ጭንቅላቴ ዞሯል።

ኅዳር 10፣ ሰኞ። 5 ሰ.

እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፍልሽ።

ሞተሩን አስነስቼ ነበር፣ መንተፋተፍ ጀምሯል። አበባ መጣች። ጀሪካኔን መልስ፣ ሌላ ፈልግ፣ አጨራመትኸው አለች። አብዲ አጠገቤ ቆሟል። ቤንዚኑን ልትገለብጥ ብላ ክዳኑን ጠመዘዘችው።

ጓ! ጀሪካኑ ጎኑ ወደ ውጭ ዘለለ። ሞተሩ አጓራ፣ እንደ አዲስ።

 ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። ሄደ፣ ሄደ፣ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። ከፈትሁትና ገመዱን ሳብሁ። ተነሳ።

ፌስታሉ! የገዛ ፌስታሌ! ጀነሬተር ታንኩ ከላይ ነው፣ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳል፣ ክዳኑም ይተነፍሳል። ይህ ግን ከመሬት ይስባል። ሲስብ በቦታው አየር መግባት አለበት። እኔ አንቄዋለሁ። የላስቲክ ጠርሙስ አፍ ላይ አፍ ገጥሞ መሳብ ማለት ነው፤ ጎኑ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ነገር የለም። ሙሉ ሲሆን ደግሞ ከላይ አየር ስለሌለው ቶሎ ይታነቃል። ልጠግነው በመጣሁ ቁጥር ደግሞ ገና ካንዴላውን ሳልፈታ ክዳኑን ከፍቼ ቤንዚን አለ ወይ እላለሁ። ያኔ ይተነፍሳል። እኔ ያዳንሁት ይመስለኛል።

አበባ አልሳቀችብኝም። ይህ ነው የሚያስፈራው።

ክዳኑን በምስማር በሳሁት። የበርሜሉ ውሃ እስኪሞቅ ድረስ ሄደ። አብዲ አለቀሰ። እኔም።

ማታ። ግን እኮ ሞተሩ አንዴ ሳል ነገር አሰማ። ምን ነበር? ይህን ሁሉ ነገር ፈትቼ ገጥሜያለሁ። አሁን የሚሠራው በቀዳዳው ብቻ ነው? ወይስ ሌላም አለ?

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ጭነት። ጀልባዋ ስንዴና ውሃ መያዣ ላይ ተገልብጣ ታሰረች። ሞተሩን በብርድ ልብስ ጠቀለልነው።

ጀሪካኑን ለማየት ሄድሁ። ቀዳዳው የለም! ሾፌሩ በሳሙና ደፍኖታል። ጨዋ ሰው፣ ጥንቁቅ ሰው። ቤንዚን ሲፈናጠቅ አይቶ ባለሙያ እንደሚያደርገው አደረገ፣ ዞሮ ምርቃት ይጠብቃል። ጮኽሁበት። ወዲያው አፈርሁ፤ እኔስ ምን አደረግሁ? አስረዳሁት። እሺ አለ። ሳሙናውን ፋቅሁ።

ምሳ በልቼ ተመለስሁ። ቀዳዳው በፌስታል ተወትፏል። አሁን ማን? አብዲ! በዓይኑ ያየው፣ ያለቀሰው አብዲ! መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ቤንዚን ባክኖ እዚያ ብናጣስ አለኝ። ስንደርስ አነሳዋለሁ አለኝ።

ታነሳለህ? ጎርፍ ፊት ለፊትህ፣ እናትህ ጉብታ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየጮኸ፣ የምስማር ቀዳዳ ትዝ ይልሃል? በዚህ አገር ቤንዚን ያለበት ቀዳዳ አይቶ የሚያልፍ ሰው አልተወለደም። ወንዙ መሃል ቢጠፋስ?

ኅዳር 12፣ ረቡዕ፣ ሚካኤል። ንጋት

እሄዳለሁ።

አበባ ዋና አትችልም አለች። አልችልም። ትልቅ ውሃ አይተህ አታውቅም አለች። አላውቅም። ታዲያ? አለች። ታዲያ ሳል የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ አልኋት። ሞተሩ ከጠፋ ጀልባዋ ውስጥ ልሁን። እዚህ በርሜል አጠገብ ተቀምጬ ስልክ መጠበቅ አልችልም። አለቀሰች፣ ከዚያ ልብሴን በፌስታል ቋጥራ፣ ይህንን እንኳ አትብሳ አለችኝ። ስለ ሚካኤል ብላ ግንባሬን ሳመች።

ሆዮ ሲያዩኝ ባለሙያ ይሉኛል። ያቺን የተረፈች ብሎን እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ።

ምስማሯ ኪሴ ውስጥ ናት። ጥሩምባው እየጮኸ ነው። ጀሪካኑ ከጎኔ ይሆናል ብያለሁ፣ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ፣ ሁለቴ ብያለሁ። ቆይ፣ ያ ሾፌር ሳሙና ይዞ ወዴት ነው የሚ…